የእኔ መልስ በመይሙና ድምፅ

ቆቦ፣ መስከረም 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዒምራን አሊ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላህ። እንዴት ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማየ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። አባየ "ያ ልጅ ጠጉሩን ተቆረጠ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ" ብሏል። መልሱን ለእኔ ጻፍልኝ፣ እኔ አለሳልሼ እነግረዋለሁ።

ደብዳቤዬ ስለዘገየ አፉ በለኝ። መንገዱ አራት ቀን ተዘግቶ ደብዳቤያችንን የሚያደርስልን የሙዓዊያ አውቶቡስ እዚሁ ቆሞ ነበር። በስልክ ለምን አልመለስሽልኝም ላልከው፣ ታውቀኛለህ። የእማየ ስልክ ላይ ሳወራ ቤቱ ሁሉ ይሰማል፤ ደግሞ ስልክ ጆሮዬ ላይ ሲደረግ ድምፄ ይጠፋል። ስጽፍ ማንም አያየኝም። ትምህርቱን ከስምንተኛ ካቆምኩ ወዲህ እስክሪብቶ የምይዘው ላንተ ስጽፍ ብቻ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሴ እሺ ነው። ጊታር ከምትመታበት ባንድ ማንም ቢደውል "ዒምራን ለወፍ ጥበቃ መጥቷል፣ ማማ ላይ ነው፣ እዚያ ኔትወርክ የለም" እላለሁ። ለእማየም ነገርኳት።

"ውሸት ነው?" አለችኝ።

"ግማሹ ነው" አልኳት።

"የትኛው ግማሽ?"

የግሪሳ ወፉ ማሽላችን ላይ መውረዱ እውነት ነው፤ ያንተ መምጣት ነው ውሸቱ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ባንዱን ካልለቀቅህ፣ የብቻህን አልበም መሥራትህን ለምን ትደብቃቸዋለህ? አብረህ እየበላህ ሌላ ቦታ ምሳ እንደመብላት አይሆንብህም?

ለሁለተኛው ጥያቄህ፣ አዎ ያን የማማ ስንኝ አስታውሳለሁ። አንተ ከታችኛው ማማ ወፍ እያባረርክ እንዲህ ብለህ ጠራህ፦

ከማዶ ማማ ላይ ያለሽ ወፍ ጠባቂ፣

እኔም ከላይኛው መለስኩልህ፦

ድምፄ ነው የሚታይ፣ እኔስ ተደባቂ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አባየ ወንጭፉን ጥሎ የሳቀው ትዝ ይለሃል? የማማን ደንብ ያስተማረንም ያን ዕለት ነው። ማማ ላይ የጠራ ራሱ አይመልስም። ለራሱ የሚመልስ ሰው፣ ማሳው ላይ ብቻውን መሆኑን ለወፉ ይናገራል።

ስንኙን አልበሙ ላይ ልታስገባው መሆኑ ደስ ብሎኛል። መልሱን ማን እንደሚለው አልጻፍክልኝም። እኔም አልጠይቅህም። ሰው ካላየኝ ግን እችላለሁ። ግድግዳ ካለ ማለቴ ነው።

እህትህ ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሊ፣

ወአለይኩም ሰላም። ደብዳቤሽን ታክሲ ውስጥ ሁለቴ አነበብኩት። ለአባየ ጠጉሬ አጥሯል በይው። ካምናው አጥሯል፣ ውሸት አይደለም።

ለምን ትደብቃለህ ላልሽው፣ ለአማኑኤል ሳልደብቅ ጠይቄው ነበር። ባንዱን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ዘፋኙም እሱ ነው፤ "ሰባተኛ ፎቅ" የሚለውን ስም ያወጣውም የምንለማመድበትን ያላለቀ ሕንፃ አይቶ ነው። የእኛን የማማ ዘፈን በጊታር ሳሰማው "ዒምሩ፣ ወፍ በሮክ አይባረርም" ብሎ ሳቀ። ድራም የሚመታው ሰላሁዲንም ሳቀ። ሦስት ጊዜ አመጣሁት፣ ሦስት ጊዜ ሳቁ። ባንዱን እወደዋለሁ፣ አልለቀውም። ግን ዘጠኝ ዘፈን ሆዴ ውስጥ ይዤ የሰው ዘፈን ስመታ መኖር አቃተኝ። ካለቀ በኋላ አሰማቸዋለሁ። ያለቀ ነገር ላይ አይስቁም።

ቀረጻው ሳሪስ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነው። ድራሙን ለጊዜው በማሽን አድርጌዋለሁ። የማማው ዘፈን አልቋል፣ በሚሞሪ ልኬልሻለሁ። ሙዓዊያ ስልኩ ላይ ያሰማሽ።

መልሱን መይሙና የምትባል ልጅ ናት ያለችው። ትወጃታለሽ።

ዒምራን


ቆቦ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዒምራን፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሁላችንም ደህና ነን።

ሚሞሪው ደርሶናል። ሙዓዊያ መናኸሪያው ውስጥ አውቶቡሱ ላይ አሰማን። እማየ፣ እኔና ሁለት የሮቢት ተሳፋሪዎች ነበርን። ጊታርህ ሲጀምር እማየ ጆሮዋን ያዘች።

"ይኼ የወፍጮ ሞተር ነው ወይስ የልጄ እጅ?"

"እትዬ ሀሊሜ፣ ሮክ እኮ ነው" አላት ሙዓዊያ።

"እንዲህ ከሆነማ ግሪሳው አፋር ድረስ ይሸሻል" አለች። ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እስከዚያ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ አንተ ጠራህ፣ እሷ መለሰች። እማየ እጇን ከጆሮዋ አወረደች። "ይቺ የማን ልጅ ናት? አፏ ማር ነው" አለች። ዞራ እንኳ አላየችኝም። ማን ያወጣው ስንኝ እንደሆነ ረስታዋለች።

ድምጿ ጥሩ ነው። ጥሩ አይደለም ብዬ ብጽፍልህ ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ሙዓዊያ አራት ጊዜ ነው የደገመው። አንድ ነገር ብቻ ልበል። "ተደባቂ" የምትለውን ቃል፣ ሰው እንደሚያያት እያወቀች ነው የምትላት። ተደብቃ የምታውቅ አይመስለኝም።

ትወጃታለሽ ብለሃል። ከየት አወቅህ? ስንት ዓመቷ ነው? ማማ አይታ ታውቃለች? ስትዘፍን ፊቷን ወዳንተ አዙራ ነው?

ደንቡን ረስተኸው ይሆን ብዬ አሰብኩ። የተጠራው ሰው ነው የሚመልሰው። ከማዶ ማማ ላይ የነበርኩት እኔ ነበርኩ። ይኸው ነው፣ አልተቆጣሁም።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሊ፣

አልተቆጣሁም ብለሽ ስትጽፊ እንዴት እንደምትቆጪ የማላውቅ መሰለሽ?

ለጥያቄዎችሽ በተራ። ሃያ አንድ ዓመቷ ነው፣ የደሴ ልጅ ናት፣ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ማማ አይታ አታውቅም፤ እኔ ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋት። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። ስንኙን ሳነብላት "ይህን ያለችው ልጅ አሁን የት ናት?" አለችኝ። ቆቦ አልኳት።

አሁን ደግሞ የኔን ስሚኝ። አምና ለዒድ ስመጣ ስልኬን ከፍቼ "በይ መልሽልኝ፣ ልቅረጽሽ" ብዬ ለምኜሽ ከቤቱ ጀርባ ሮጠሽ የተደበቅሽው አንቺ ነሽ። እማየ ስትጠራሽ እንኳ አልወጣሽም። ድምፅሽን ለወፍ እንጂ ለሰው አትሰጪም። ዘፈኑ ያለመልስ እንዲቀር ነበር የምትፈልጊው?

ሌላው፣ አማኑኤል ሰሞኑን መደወሉ አይቀርም። ቆየህብን እያለ ነው፣ ስልኬን ዘግቻለሁ። አልበሙ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። እስከዚያ እንዳልነው በይልኝ። ያንቺ አፍ ነው አሁን በሩ።

ዒምራን


ቆቦ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዒምራን፣

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን አለህ? እዚህ ደህና ነው። ጅጉርቲው ማሽላ አንገቱን ደፍቷል፣ አባየ ከኅዳር አጋማሽ በፊት እናጭደዋለን ይላል። የጎረቤታችን ላም መንታ ወለደች። እማየ ሰላም ብላሃለች።

በሙዓዊያ ልከህ ለጠየቅኸኝ፣ አዎ፣ አማኑኤል ማክሰኞ ዕለት ደውሎ ነበር። እማየ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ስለነበር ያነሳሁት እኔ ነኝ። "ዒምራን አለ?" ሲለኝ ደነገጥኩና "የለም" አልኩት። ማማ ላይ ነው ማለት ነበረብኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እኔን ታውቀኛለህ፣ ስልክ ላይ እንዲህ ነኝ።

ምናልባት ገበያ ሄዷል ብሎ አስቦ ይሆናል። ክፉ ነገር ካመጣብህ አፉ በለኝ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ ዘሊ፣

ደብዳቤሽ ሲደርስ ነገሩ ካለፈ ሳምንት ሆኖት ነበር። የሆነውን ሁሉ አልጽፍልሽም። አማኑኤል ስቱዲዮው ድረስ መጣ። ሰላሁዲን ከኋላው አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ነበር። የምቀርጽበት የጊታር ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ፣ የባንዱ ስለነበር ነቅለው ይዘውት ሄዱ። አንድ ቃል ብቻ ነው የተናገረው። "በውሸት ወፍ አስጠበቅኸን" አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከባንዱ ወጥቻለሁ፣ ማለት አስወጥተውኛል። ሁለት ዘፈን ይቀራል፣ ያለ አምፕ አይቀረጽም። መይሙና "እኔ በመሃል ገብቼ ነው እንዴ?" እያለች ታለቅሳለች። የጠላሻት ሰው ይህችው ናት።

ስቱዲዮው የት እንዳለ ማን እንደነገረው አላውቅም። ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቅ የለም።

አንቺ ግን አብሽሪ፣ ራስሽን አታስጨንቂ። ሳታስቢ ነው። ስልክ ሲጮህ ከመደብ ላይ የምትዘል ልጅ ላይ ይህን ሸክም የጣልኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛው።

ወንድምሽ


ቆቦ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዒምራን፣

ሰላምታ ሳላበዛ ልጽፍልህ ነው፤ ካበዛሁ ወረቀቱ አልቆብኝ ዋናውን ሳልነግርህ እቀራለሁ።

ሳላስብ አይደለም።

አማኑኤል የደወለ ቀን አልደነገጥኩም። መስመሩም አልተቋረጠም። ድምፄም አልጠፋም። ይኼ ነው እኔን የገረመኝ። እንዲህ ነበር፦

"አንቺ ዘሊካ ነሽ አይደል? ዒምሩ ስለ አንቺ አውርቶ አይጠግብም። አማኑኤል ነኝ።"

"ደህና ነዎት?"

"አንቱ አትበይኝ እንጂ፣ ሽማግሌ አደረግሽኝ! ያ ወንድምሽን ወፍ በላው እንዴ? አንድ ወር ሊሆነው እኮ ነው።"

"ማማ ላይ ነው" አልኩት። አየህ፣ በመጀመሪያ ቃሌን ጠብቄ ነበር።

እሱም "እሺ፣ ሲወርድ ንገሪልኝ" አለ። "ያለ እሱ ልምምዳችን አይሞላም። ሌላ ጊታር መቺ አምጡ ብለውን እንቢ ብለናል። ቦታውን ለማንም አልሰጠንም በይው።"

ዒምራን፣ ይህን ሲለኝ ውስጤ ተቃጠለ። ያንተን ቦታ ባዶውን አስቀምጠው ይጠብቁሃል። ያውም ባዳ ናቸው። አንተ ወንድሜ ሆነህ የእኔን ቦታ ለደሴ ልጅ ሰጥተሃል። እሱ ሊዘጋው ሲል እኔ ነኝ "ቆይ" ያልኩት።

"ዒምራን እዚህ አልመጣም" አልኩት። "እዚያው እናንተ ከተማ ነው። ያለ እናንተ የብቻውን አልበም እየቀረጸ ነው። መይሙና የምትባል ሴት ትመልስለታለች።" የት ነው አለኝ። ሳሪስ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አልኩት። ካንተ ደብዳቤ ላይ አንብቤ ነው የነገርኩት፤ ወረቀቱ በሌላው እጄ ነበር።

ስዘጋው ደስ አለኝ። ያ ደስታ እማየ ውሃውን ይዛ እስክትገባ ድረስ ቆየ። ገብታ "ማን ነበር የደወለው?" ስትለኝ ማንም አልኳት።

አምና ከቤቱ ጀርባ የተደበቅሁትም ስላልፈለግሁ አይደለም። ደጋግመህ እንድትለምነኝ ፈልጌ ነበር። ሁለቴ ለምነህ ተውከኝ። ሦስተኛውን እየጠበቅሁ ነበር።

የነገርኩህ አፉ እንድትለኝ አይደለም። "ሳታስቢ ነው" ብለህ ጽፈህልኛል፣ እሱን ይቅርታ መቀበል ስርቆት ሆነብኝ።

ዘሊካ


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዒምራን፣

ሦስት ሳምንት ሆነ፣ መልስ የለም። ሙዓዊያን በእጅህ እንደሰጠህ ጠይቄዋለሁ። "ቆሞ አነበበውና ኪሱ ከተተው" አለኝ። ሌላ ያለው ነገር የለም።

ሳልጠይቅህ አንድ ነገር አድርጌያለሁ። ትናንት ሙዓዊያን ስልኩን ለምኜ ከአውቶቡሱ እንዲወርድልኝ አደረግሁ። "በገዛ አውቶቡሴ አባረርሽኝ!" እያለ ወረደ። ቁጥሩን ከእማየ ስልክ ላይ ገልብጬ ወደ አማኑኤል ደወልኩ። አዎ፣ እኔ።

"ማን ልበል?"

"ዘሊካ ነኝ።"

"ደግሞ ምን ልትነግሪኝ ነው? ሁለተኛም አልበም አለው እንዴ?" አለኝ።

"የለውም። ያን ቀን የነገርኩህ እውነት ነው። የነገርኩህ ግን ለእውነት ብዬ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ብለሽ ነው?"

"ቀንቼ ነው። የእኔን ስንኝ ሌላ ሰው ብትልብኝ ጊዜ።"

መሳቅ ጀመረ። ስልኩን ልዘጋው ስል "ቆይ፣ ባንቺ አይደለም" አለ። "ያ የወፍ ዘፈን ያንቺ ነው እንዴ?"

"መልሱ የእኔ ነው።"

"ስሚ ዘሊካ። ሦስቴ የሳቅሁበት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት በሩን ከመምታቴ በፊት ውጪ ቆሜ ሰማሁት። መጥፎ ቢሆን ኖሮ እኮ ስቄ እመለስ ነበር።"

"እኔም ስሰማው መጥፎ ይሆናል ብዬ ነበር" አልኩት።

"ጥሩ መሆኑ ነው የባሰው፣ አይደል?"

"አዎ።"

ከዚያ ባንዱን ልትተው አስበህ እንደማታውቅ ነገርኩት። "አልለቀውም" ብለህ የጻፍክልኝን ቃል በቃል አነበብኩለት። እንደገና ደብዳቤህን ለባዳ አነበብኩ ማለት ነው፤ ይህኛውን ግን ብትሰማኝ አላፍርም። "እስቲ አስብበታለሁ" ብሎ ዘጋ።

ስወርድ ሙዓዊያ "ጮክ ብለሽ እኮ ነው የምታወሪው፣ መናኸሪያው ሁሉ ሰማሽ" አለኝ። ሻሽዬን ፊቴ ላይ ጎትቼ ሮጥኩ።

ዘሊካ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሊካ፣

ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ተናድጄ ስለነበር አልመለስኩም። አሁንም አልወጣልኝም።

አማኑኤል መጥቶ ነበር። ብዙ አልተነጋገርንም። አምፑን ተሸክሞ ነው የመጣው። የቀሩት ሁለት ዘፈኖች ተቀርጸዋል፤ ሰላሁዲን የማሽኑን ድራም ሰምቶ "ይኼ ቆርቆሮ ነው" ብሎ በራሱ እጅ ተካው። ባንዱ ውስጥ ነኝ። አልበሙ በስሜ ይወጣል። ዳግመኛ ከዋሸሁ ግን ሌላ ዕድል የለም ብሎኛል።

አንቺ ላይ ስናደድ ቆይቼ የመስከረሙን ደብዳቤሽን መልሼ አነበብኩት። "ግድግዳ ካለ እችላለሁ" ብለሻል። ስቱዲዮ ውስጥ ግድግዳ አለ ዘሊ። አራት አለ። አንብቤው አልፌ ነው መይሙናን የጠራሁት። ካንቺ እሺታ እስኪመጣ መጠበቅ ሰልችቶኝ ነበር፤ የሷ እሺታ ቅርብ ነበር። ይኼ የኔ ጥፋት ነው፣ ያንቺን ግን አያጠፋውም።

መልሱ በመይሙና ድምፅ ይቀራል፣ አልቋል። አልበሙ ላይ ግን "ግጥም፦ ዘሊካ አሊ" ተብሎ ተጽፏል።

ጥር 17 ደሴ ላይ ከባንዱ ጋር እንጫወታለን። መይሙናም ትወጣለች። ሙዓዊያ ቦታ ይዞልሻል። ትመጫለሽ?

ዒምራን


ቆቦ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለዒምራን አሊ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናህ እንዴት ነው? አምፑ በመመለሱ፣ አንተም በመመለስህ አልሐምዱሊላህ። እማየ ስሰማው አለቅሳለሁ ብላ ስለፈራች የላክኸውን አልበም እስካሁን አላስከፈተችንም። አባየ ግን ሽፋኑ ላይ ስሜን በጣቱ እየተከተለ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ "የእኔስ ደንብ የት ተጻፈ?" አለ።

ጥር 17 አልመጣም። አሞኛል ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ ቀደድኩት። አላመመኝም። መይሙና ሰው ፊት ቆማ የእኔን ቃል ስትል፣ ሰው ሲያጨበጭብላት፣ እኔም ከሰው መሃል ሆኜ ማጨብጨብ አልችልም። ባላጨበጭብ ደግሞ አንተ ከመድረክ ታየኛለህ። በመይሙና አልተናደድኩም፣ ምንም አላደረገችኝም። ቅናቱ ግን አልወጣልኝም፤ እንደወጣልኝ አድርጌ መጥቼ ደሴ ላይ ፈገግ ብል ሌላ ውሸት ነው። በውሸት የደረሰብን ይበቃናል።

ሙዓዊያ የያዘልኝን ቦታ ለአባየ ሰጥቼዋለሁ። ጠጉርህን ተቆረጥ።

ለመይሙና ግን አንድ ነገር ንገርልኝ፣ ከእኔ ነው በላት። "ድምፄ ነው የሚታይ" ትልና ትተነፍሳለች፣ ከዚያ ነው "እኔስ" የምትለው። ስቱዲዮ ውስጥ ችግር የለውም። ማሳ ላይ ግን ግሪሳው የሚወርደው ያን ጊዜ ነው፤ ትንፋሽ የምታክል ዝምታ ይበቃዋል። ትንፋሿን ከመጀመሪያው ሞልታ ትያዝና እስከ "ተደባቂ" ድረስ ሳታቋርጥ ትውሰደው። ይከብዳል፣ ደረት ያማል፣ ሁለት ቀን ብትለማመድ ግን ትችለዋለች።

እኔ እዚያ ላይ ተንፍሼ አላውቅም።

እህትህ ዘሊካ አሊ